የመኪና ጎማ አቀማመጥና ማዟዟር

የጎማ አቀማመጥ የሚባለው የተሻለው ጎማ ከፊት ይዋል ወይስ ከኋላ የሚለውን የሚወስን አሠራር ነው። ጎማ ማዟዟር ደግሞ አራቱም እኩል እንዲያልቁ በየተወሰነ ኪሎ ሜትሩ ቦታቸውን መለዋወጥ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች የተያያዙ ናቸው። ማዟዟሩ የተዘነጋ እንደሆነ ጎማዎቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ያልቃሉ፤ ባለቤቱም ሁለት አዲስ ጎማ ይዞ ጎሚስታ ዘንድ ይቆምና የት ይግቡ የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

መልሱ ከኋላ ነው። ሚሽለንን የመሳሰሉ ታላላቅ አምራቾች ይህንኑ ይመክራሉ፤ ሞተሩ የሚያሽከረክረው የፊቱን እግር ይሁን የኋላውን ምክሩን አይለውጠውም። ብዙ አሽከርካሪ ግን ተቃራኒውን ያምናል። መሪው የሚያዝዘው የፊቱን ነው፣ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደፊት ይሄዳል፣ ቪትዝና መሰሎቹ የሚጎተቱትም በፊት እግራቸው ነው፤ ስለዚህ ደህናው ጎማ ከፊት ይሁን ይባላል። እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው ሲታይ እውነት ነው። የቀረው ነገር ቢኖር፣ ጎማው መንገዱን በለቀቀባት ቅጽበት ምን እንደሚከተል ማሰብ ነው።

የአዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርስ ጥልቀት ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያሉት ቦዮች ሥራቸው ውሃን ከጎማው ሥር ጠርጎ ማስወጣት ነው። ጥርሱ ባለቀ ቁጥር ቦዩ የሚችለው የውሃ መጠን ይቀንሳል። ፍጥነት ሲጨመርበት ውሃው መውጫ ያጣና ጎማውን ከአስፋልቱ ያነሳዋል። ያን ጊዜ መኪናው የሚሄደው በውሃ ላይ ተንሳፍፎ ነው፤ መሪም ፍሬንም የሚይዙት ነገር የላቸውም። ክረምት ሲገባ፣ የውሃ መውረጃው በተደፈነ የከተማ መንገድ ላይ ይህ አደጋ ሩቅ አይደለም።

የፊት ጎማዎች ሲንሳፈፉ መኪናው መሪ አልታዘዝ ብሎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የደነገጠ ሰው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሳል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ክብደት ወደፊት ይመጣል፣ ጎማዎቹም ተመልሰው መንገዱን ይይዛሉ። በደመ ነፍስ የተደረገው ነገር ትክክለኛው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። የኋላዎቹ ሲንሳፈፉ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የመኪናው ጀርባ ወደ ጎን ይወጣና መዞር ይጀምራል። እግር ማንሳት ወይም ፍሬን መያዝ ከኋላ ያለውን ክብደት ይበልጥ ስለሚያቀል መዞሩን ያብሳል። ለማዳን መሪውን ጀርባው ወደሄደበት አቅጣጫ ወዲያው፣ በልክ መመለስ ያስፈልጋል፤ ይህን በሰላሙ ጊዜ ያልተለማመደ ሰው በድንጋጤ ውስጥ አያገኘውም። በተለይ ኩርባ ላይ የኋላ ጎማ የሚያልፈው የፊተኛው በጠረገው መስመር ሳይሆን ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሆነ ውሃውን ለብቻው መቋቋም አለበት። መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ዘመናዊ የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓትም ቢሆን የሚሠራው ጎማው አስፋልቱን በነካ መጠን ብቻ ነው።

የተሻለውን ጎማ ከኋላ ማዋል የቤት መኪና ሕግ ነው። ከባድ መኪናና አውቶቡስ ላይ የመሪው እግር የተለየ ጥንቃቄ ይደረግለታል፤ የፊት ጎማ ቢፈነዳ ያን ሁሉ ጭነት በመሪ መያዝ እጅግ ከባድ ነውና። በአሜሪካ የፌደራል ደንብ የከባድ ተሽከርካሪ የፊት ጎማ ጥርስ ቢያንስ 3.2 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ያዛል፤ ለሌሎቹ እግሮች የሚበቃው ግማሹ ነው። እድሳት ጎማን በአውቶቡስ ፊት መግጠምም ይከለክላል። ከጭነት መኪና ወደ ቤት መኪና የመጣ ሾፌር ልማዱን ይዞ ቢመጣ አያስደንቅም፤ ግን የሁለቱ ባሕርይ አንድ አይደለም። እንደ አይሱዙ ባለ ጥንድ የኋላ እግር መኪና ላይ ደግሞ ጎን ለጎን የሚውሉት ሁለቱ ጎማዎች እኩል ቁመት ይኑራቸው፤ አለዚያ ጭነቱን ትልቁ ብቻውን ይሸከማል፣ ትንሹ እየተጎተተ ያልቃል።

ማዟዟር የሚያስፈልገው እግሮቹ የሚሠሩት ሥራ ስለሚለያይ ነው። በፊት እግሩ በሚጎተት መኪና ላይ የፊቶቹ ይጎትታሉ፣ ይዞራሉ፣ የፍሬኑንም አብዛኛውን ጫና ይሸከማሉ፤ ስለዚህ ከኋላዎቹ በጣም ቀድመው ያልቃሉ። የመኪናው አምራች መመሪያ ሌላ ካላለ በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር ማዟዟር የተለመደ ነው፤ ኮረኮንች የሚበዛበት መኪና ቀደም ቢያደርግ ይሻላል። በፊት እግር ለሚጎተት መኪና የፊቶቹ በያሉበት ጎን ቀጥታ ወደኋላ ይሄዳሉ፣ የኋላዎቹ ግራና ቀኝ ተሻግረው ወደፊት ይመጣሉ። በኋላ እግር ወይም በአራቱም ለሚሄድ ተቃራኒው ነው፤ የኋላዎቹ ቀጥታ ወደፊት፣ የፊቶቹ ተሻግረው ወደኋላ። ጎኑ ላይ የመሽከርከሪያ አቅጣጫ ቀስት ያለው ጎማ ከጎኑ አይሻገርም፤ ከፊት ወደኋላ ብቻ ይለዋወጣል። የፊትና የኋላ መጠናቸው የተለያየ ጎማዎች በዚህ መንገድ አይዟዟሩም። ስኮርታው እንደሌሎቹ ሙሉ መጠን ያለው ከሆነ በዙሩ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ለጊዜው ብቻ የተሠራ ቀጭን ጎማ ግን አይገባም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ማዟዟር የሚጠቅመው አራቱ አዲስ ሳሉ ሲጀመርና ሳይቋረጥ ሲቀጥል ነው። ለረጅም ጊዜ ተዘንግቶ የፊቶቹ ካለቁ በኋላ ማዟዟር ያለቁትን ወደኋላ መውሰድ ይሆናል፤ ይህም ከላይ የተከለከለው ነው። ልዩነቱ ከሰፋ የፊቶቹ እስኪቀየሩ ድረስ የኋላዎቹን ባሉበት መተው፣ ሲቀየሩም አዲሶቹን ከኋላ አስገብቶ የነበሩትን ወደፊት ማምጣት ይገባል። ሁልጊዜ በአራቱም እግር ለሚሄድ መኪና ሕጉ ከዚህም የጠበቀ ነው፤ የጎማዎቹ ዙሪያ ልክ ከተለያየ ኃይል አከፋፋዩ ያለ ዕረፍት ልዩነቱን ሲያመጣጥን ይግላል፣ ይጎዳልም። ለእንዲህ ያለው አራቱን አንድ ላይ መግዛት ውድ ቢመስልም ርካሹ መንገድ ነው።

ጎሚስታው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የጎማው የምርት ጊዜ ይታይ። ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2321 ማለት እ.ኤ.አ. በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ቢሆንም አሥር ዓመት ከሞላው እንዲቀየር ሚሽለን ይመክራል። ከተገጠመ በኋላ ዳዶዎቹ በዙር ሳይሆን ፊት ለፊት እየተሻገሩ ይጠበቃሉ፤ 100 ኪሎ ሜትር ሳይሞላም እንደገና ይፈተሻሉ። ንፋሱ በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ በተለጠፈው ልክ ይስተካከላል፤ የፊትና የኋላው ልክ ሊለያይ ስለሚችል ቦታ የቀየረ ጎማ ንፋሱም አብሮ ይቀየራል። በጥርሶቹ መካከል ያሉት የ1.6 ሚሊ ሜትር ምልክቶች ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆኑ ማዟዟር አያድነውም፤ ጎማው አልቋል፣ ይቀየር።