ባሕርን በመስታወት ውስጥ ማኖር፦ የኮራል ገንዳ፣ የውኃው ኬሚስትሪና የዋቅላሚ ታሪክ



ዛሬ የማቀርበው ታሪክ የሚካሄደው ከአንድ ጠረጴዛ በማይበልጥ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ነው። ገንዳው ጨዋማ ውኃ፣ ሕይወት ያለው ኮራልና ጥቂት ዓሦች ይዟል። ባለቤቱ አንድ ማለዳ ሲነሣ ድንጋዩም መስታወቱም ጸጉር በመሰለ አረንጓዴ ነገር ተሸፍኖ ያገኘዋል። ይፍቀዋል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይበቅላል። ይህን ፍጥረት ብዙዎች አልጌ ይሉታል፤ እኔ በዚህ ንግግር ዋቅላሚ እለዋለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እኔ የታሪክ ተማሪ እንጂ የባሕር ሳይንስ ሊቅ አይደለሁም። ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ አንድ ጥያቄ ነው። ዋቅላሚ በመቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ በየተራ አዳኝ፣ ጠላት፣ አገልጋይ፣ በመጨረሻም ወራሪ ተደርጎ የታየው ለምንድን ነው? መልሴ አጭር ነው፤ ፍጥረቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰዎች ስለ ቆሻሻ መድረሻ የነበራቸው ግንዛቤ ነው።

በ1846 አና ታይን የተባሉ እንግሊዛዊት በደቡብ እንግሊዝ ከምትገኘው ከቶርኪ ጠረፍ ኮራሎችን ሰብስበው ለንደን ወደሚገኘው ቤታቸው ወሰዱ። ለንደን ከባሕር የራቀች ናት፤ ትኩስ የባሕር ውኃ ማስመጣትም አድካሚ ነበር። ስለዚህ የቤት ሠራተኛቸው በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ውኃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ በየቀኑ እያገላበጠች ታናፍሰው ጀመር። ዛሬ ኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሥራ የሠራው የዚያች ሴት ክንድ ነበር። በተከታዩ ዓመት ወይዘሮ ታይን የባሕር ተክል ጨመሩበት፤ ኮራሎቹም ኖሩ፣ ተባዙም።

በ1850 የኬሚስትሪ ባለሙያው ሮበርት ዋሪንግተን ለዚህ ዓይነቱ ልምድ ትንታኔ ሰጡት። ሙከራቸው የተካሄደው 50 ሊትር ገደማ በሚይዝ የጣፋጭ ውኃ ዕቃ ውስጥ፣ በሁለት ዓሦችና በአንድ ዓይነት የውኃ ተክል ነበር። ዓሦቹ የሚያስወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተክሉ ይወስዳል፤ ተክሉ የሚያስወጣውን ኦክስጅን ዓሦቹ ይተነፍሳሉ። ነገር ግን ቅጠሎቹ መበስበስ ሲጀምሩ ውኃው ደፈረሰ፤ አረንጓዴ ዝቃጭም ተጣበቀበት። ዋሪንግተን የውኃ ቀንድ አውጣዎችን አስገቡ፤ ቀንድ አውጣዎቹም የበሰበሰውን በልተው ውኃውን አጠሩት። ዛሬ ኮራል የሚያኖር ሰው ዋቅላሚን ለማስበላት ቀንድ አውጣ ሲገዛ፣ ሳያውቀው የዋሪንግተንን መፍትሔ ይደግማል።

ከዚህ በኋላ «ሚዛን» የሚለው ቃል በየመጽሐፉ ገባ። በ1853 በለንደን የእንስሳት ማቆያ የሕዝብ አኳሪየም ተከፈተ። በዓመቱ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ስለ አኳሪየም የጻፉት መጽሐፍ ታተመ፤ የባሕር እንስሳትን በቤት ማኖርም ፋሽን ሆነ። የዚህ ፋሽን ዋጋ ምን እንደነበረ የመሰከሩት የገዛ ልጃቸው ኤድመንድ ጎስ ናቸው። በ1907 ባሳተሙት የሕይወት ታሪክ፣ አባታቸው ያስተዋወቋቸው የጠረፍ ዐለት ኩሬዎች በሰብሳቢዎች መራቆታቸውን በኀዘን ጽፈዋል። በመስታወት ውስጥ ያለው ሚዛን የተገዛው ውጭ ያለውን ሚዛን በማናጋት ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ሚዛኑም ቢሆን ብዙ ጊዜ አልሠራም። ብርሃን የሚያገኝ ገንዳ ውኃው አረንጓዴ ይሆንበታል። በ1871 በለንደን የክሪስታል ፓላስን አኳሪየም ያደራጁት ዊሊያም አልፎርድ ሎይድ ከሚታዩት ገንዳዎች እጅግ የሚበልጥ ጨለማ ማጠራቀሚያ ከወለሉ በታች አስገነቡ፤ ውኃውም ያለማቋረጥ በሁለቱ መካከል እንዲዘዋወር አደረጉ። ዋቅላሚ ያለ ብርሃን አያድግምና ውኃው ጠራ። ምግቡ ግን ከውኃው አልወጣም።

የጎደለው እውቀት የመጣው ከፍሳሽ ቆሻሻ ጥናት ነው። በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ፈረንሳውያን የፍሳሽ ውኃን በአሸዋና በኖራ ድንጋይ ውስጥ ቀስ በቀስ ሲያሳልፉት አሞኒያው ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አዩ። ክሎሮፎርም ሲጨምሩበት ለውጡ ቆመ። ስለዚህ ሥራውን የሚሠሩት ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት መሆን አለባቸው ብለው ደመደሙ፤ በ1890 ገደማ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይተው አወጧቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ የአኳሪየም ባለቤቶች በጠጠር ማጣሪያቸው የሠሩበት ሕግ ይኸው ነው፤ ገዳዩ አሞኒያ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ዓሣው ዳነ። ናይትሬቱ ግን እዚያው ተከማቸ፤ ዋቅላሚውም ተቀልቦ ወፈረ።

በዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ልጨምር። 40 ሊትር ውኃ በሚይዝ ገንዳ ውስጥ አንድ ግራም ደረቅ የዓሣ ምግብ ጨመርን እንበል፤ ከዚህ ውስጥ አንድ በመቶው ፎስፈረስ ይሁን። ይህ 10 ሚሊግራም ፎስፈረስ፣ ወደ ፎስፌት ሲለወጥ ደግሞ 30 ሚሊግራም ያህል ነው። የሚወስደው ከሌለ በእያንዳንዱ ሊትር 0.75 ሚሊግራም ገደማ ይደርሳል። ኮራል በሚያድግበት ጥርት ያለ ባሕር ግን የፎስፌቱ መጠን ከ0.1 ሚሊግራም እጅግ ያንሳል። አንዲት ቁንጥር ምግብ ትንሿን ገንዳ ከባሕርነት ታስወጣታለች ማለት ነው። ጨውም እንዲሁ ነው፤ ከዚያው ገንዳ አንድ ሊትር ቢተን በኪሎግራም 35 ግራም የነበረው ጨው ወደ 36 ይጠጋል። ውቅያኖስ ስፋቱ ስሕተትን ይሸፍንለታል፤ ትንሽ ገንዳ ይህ ጸጋ የለውም።

የፎስፌት ጣጣ ዋቅላሚን በመመገብ አያበቃም። በ1964 ኬኔት ሲምኪስ ፎስፌት የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታል እንዳይሠራ እንደሚያውክ አመለከቱ፤ ኮራል ደግሞ አጥንቱን የሚገነባው በዚሁ ማዕድን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት መርፊና ራይሊ ፎስፌትን በሰማያዊ ቀለም ድምቀት የሚለኩበትን ዘዴ አሳትመው ነበር። ዘዴው ግን የሚያሳስት ጎን አለው። ገንዳው በዋቅላሚ ተሸፍኖ ሳለ መለኪያው ፎስፌት የለም ሊል ይችላል፤ ዋቅላሚው በልቶታልና። እኛ የታሪክ ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። በመዝገብ ያልተገኘ ሁሉ ያልነበረ አይደለም፤ አንዳንዴ መዝገቡ ባዶ የሆነው አንድ ሰው ስለወሰደው ነው።

መውጫው ከሁለት አቅጣጫ መጣ። በ1961 የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ ከባሕር የመጣ፣ ሕያዋን ያደሩበት ድንጋይ፣ የፀሐይ ብርሃንና የአየር አረፋ ብቻ በመጠቀም ኮራልን ማኖር እንደሚቻል ጻፉ። በ1973 ደግሞ ፔተር ቪልከንስ በጀርመንኛ ባሳተሙት መጽሐፍ የኖራ ውኃን መጠቀም አስተማሩ። የኖራ ውኃ ኮራሉ የሚፈልገውን ካልሲየም ይሰጣል፤ ውኃው አሲዳማ እንዳይሆንም ይከላከላል። በኋላ «የበርሊን ዘዴ» ተብሎ የታወቀው አሠራር ሕያው ድንጋይን፣ የኖራ ውኃን፣ ብርቱ መብራትንና ቆሻሻን በአረፋ አንሥቶ የሚያስወጣ መሣሪያን አጣመረ። ታላቁ ለውጥ ይህ መሣሪያ ነው ብዬ አምናለሁ። ቆሻሻው በገንዳው ውስጥ መልኩን ከመለወጡ በፊት ከገንዳው ወጣ።

በዋሽንግተን ዋልተር ኤዲ ከዋቅላሚው ጋር መጣላቱን ትተው ቀጠሩት። በ1980 በስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለሕዝብ በተከፈተው የኮራል ገንዳ፣ ዋቅላሚው ከገንዳው ውጭ፣ ውኃ በሚፈስበት መረብ ላይ በመብራት እንዲያድግ ተደረገ። ናይትሬቱንና ፎስፌቱን ጠጥቶ ሲያድግ ይታጨዳል፤ ከእርሱ ጋር ቆሻሻው ይወጣል። የገንዳው ጠላት በአንድ ክንድ ርቀት ላይ የገንዳው ገበሬ ሆነ።

ነገር ግን «ውጭ» የት ነው? በ1984 በሞናኮ፣ በውቅያኖስ ጥናት ሙዚየሙ ግርጌ፣ ካውለርፓ ታክሲፎሊያ የሚባል የዋቅላሚ ዝርያ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ሸፍኖ ታየ። አኳሪየሞች የሚወዱት ውብ አረንጓዴ ነበር፤ ፈጥኖ ያድጋል፣ ቆሻሻውን ይመጠምጣል። በሜዲትራንያን ግን ለፈረንሳይ፣ ለጣልያን፣ ለስፔንና ለክሮኤሺያ ጠረፎች ወራሪ ሆነ። የዘር ምርመራም ምንጩ በአኳሪየሞች የሚኖረው ዝርያ መሆኑን አሳየ። ያው ዝርያ በ2000 በካሊፎርኒያ ሲገኝ በሸራ ሸፍነው ክሎሪን ጨመሩበት፤ መጥፋቱ የተረጋገጠው በ2006፣ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከወጣ በኋላ ነው።

ባሕሩ ራሱስ? በ1983 እና በ1984 በካሪቢያን ባሕር ዋቅላሚ የሚግጡት ባለ ረጅም እሾህ የባሕር ጃርቶች በበሽታ አለቁ። ሳር በሊታ ዓሦቹ ቀድሞውንም በአጥማጆች ተመናምነው ነበር፤ ማዕበልም ኮራሉን ሰባብሮት ነበር፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ። ቴሬንስ ሂዩዝ በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ በጃማይካ የኮራሉ ሽፋን ከ52 በመቶ ወደ 3 በመቶ ወርዶ፣ የዋቅላሚው ከ4 በመቶ ወደ 92 በመቶ ማሻቀቡን አሳዩ። አንድ የገንዳ ባለቤት ማለዳ የሚያየውን ነገር አንድ አገር በጠረፏ አየችው። እዚያ ደግሞ መስታወቱን ፍቆ፣ ውኃውን ለውጦ እንደገና መጀመር የለም።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው። ዋቅላሚ ክስ ከመሆኑ በፊት ምስክር ነው፤ የገባውንና ያልወጣውን፣ የጎደለውንም ጋጭ ይናገራል። ዋሪንግተን ቆሻሻውን ወደ ቀንድ አውጣ ሆድ፣ ባክቴሪያዎቹ ወደ ናይትሬት፣ ኤዲ ወደ መረቡ አሻገሩት። ማናቸውም አላጠፉትም፤ ቦታውን ለወጡት። የጎስ ዘመን ሰብሳቢዎች ኩሬዎቹን ሲያራቁቱ፣ ካውለርፓም ከገንዳ ሲያመልጥ የሆነው አንድ ነገር ነው፤ ከመስታወቱ ማዶ ያለው ዓለም ከሒሳቡ ተዘለለ።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል ትንሽ ገንዳ ለማኖር የሚያስብ ቢኖር፣ ምግቡን ይመጥን፤ የተነነውን በንጹሕ ውኃ ይተካ፤ ያጨደውን ዋቅላሚም ወደ ወንዝም ወደ ባሕርም አይጣል። ታሪክ ለሚያጠና ደግሞ አንድ ጥያቄ እተዋለሁ፤ «ችግሩ ተወገደ» የሚል ሰነድ ባገኛችሁ ቁጥር፣ ወዴት ተወገደ ብላችሁ ጠይቁ።