የአውቶማቲክ መኪና ካምቢዮ ሲታወክ፦ ምልክቶቹ፣ መንስኤዎቹ እና መፍትሔዎቹ

የመተማ ዮሐንስ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ በ700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ ተነሥቶ በገንዳ ውኃ እና በነጋዴ ባሕር በኩል ወደ አይከል የሚጓዝ መኪና ዳገቱን ሲጨርስ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይደርሳል። በመጋቢት እና በሚያዝያ የቆላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚያልፍበት ወቅት ይህን ዳገት መውጣት ለሞተርም ለካምቢዮም ከባድ ፈተና ነው። መኪናው ታማሚ ይዞ ወደ ጎንደር የሚጣደፍ ከኾነ ደግሞ በመንገድ ላይ መቆሙ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ቀድሞ በምዕራብ ጎንደር ቆላማ አካባቢዎች አሽከርካሪው በብዛት የሚያውቀው በእጅ የሚቀየር ማርሽ ያላቸውን አይሱዙዎች እና ትራክተሮችን ነበር። አውቶማቲክ የቤት መኪና ግን የተለየ እንክብካቤ ይሻል። ከሰሊጥ ሽያጭ ባገኘው ገንዘብ መኪና የገዛ አርሶ አደር ካምቢዮው ቢበላሽበት በሌላ መተካት ቀላል አይኾንለትም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ትልቅ ቁም ነገር ነው።

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ችግር በአብዛኛው የሚጀምረው ከዘይት እና ከሙቀት ነው። ካምቢዮው ከመፈታቱ በፊት ዘይቱ መታየት አለበት።

ካምቢዮው እንዴት ይሠራል?

በማንዋል መኪና አሽከርካሪው በእግሩ ፍሪሲዮን ረግጦ በእጁ ማርሽ ይቀይራል። በአውቶማቲክ መኪና ይህን ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው። በሞተሩ ኃይል የሚሽከረከር ፓምፕ ዘይቱን በግፊት ይልካል። የመኪናው ኮምፒውተር ሶሌኖይድ የሚባሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መክፈቻ እና መዝጊያዎችን እያዘዘ ዘይቱን ወደሚፈለገው ማርሽ ይመራዋል። የዘይቱ ግፊት በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን የፍሪሲዮን ሸራዎች አጣብቆ ማርሹን ያስገባል።

ዘይቱ ሲጎድል ግፊቱ ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ሸራዎቹ ይንሸራተታሉ፤ ሲንሸራተቱ ሙቀት ይፈጠራል፤ ሙቀቱ ደግሞ የቀረውን ዘይት ያቃጥላል። ትንሽ የዘይት ፍሳሽ ችላ ሲባል ሙሉ ካምቢዮ የሚያስለውጠው በዚህ መንገድ ነው።

የዘይት ፍተሻ

የዘይት መለኪያ ብረት ባላቸው አብዛኞቹ መኪኖች ፍተሻው የሚከናወነው መኪናው ጥቂት ተነድቶ ካምቢዮው ከሞቀ በኋላ ነው። መኪናው በሜዳማ ቦታ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል። እግር ፍሬን ላይ እንዳለ የማርሽ ዘንጉ በየምድቡ እየቆመ ካለፈ በኋላ ወደ "ፒ" ይመለሳል። ከዚያም ሞተሩ ሳይጠፋ መለኪያው ወጥቶ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ እንደገና ገብቶ ሲወጣ ዘይቱ በሙቅ ምልክቱ ክልል ውስጥ መታየት አለበት። አንዳንድ መኪኖች ሞተሩ ጠፍቶ የሚለኩ በመኾናቸው የአምራቹን መመሪያ ማየት ይገባል። መለኪያ የሌላቸው መኪኖች ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ከሥር ይፈተሻሉ።

የዘይቱ መልክ ብዙ ይናገራል። በብዙ መኪኖች ጤናማ ዘይት ቀይ ወይም ሮዝ ኾኖ ጥርት ያለ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ሸራዎቹ መጎዳታቸውን ያመለክታል። ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ይህም በክረምት ጎርፍ ሲሻገሩ ወይም በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ሲቀደድ ያጋጥማል። እንዲህ ያለውን መኪና መንዳት ወዲያውኑ ማቆም ይገባል።

ምልክቶቹ እና መንስኤዎቻቸው

*ማርሽ ዘግይቶ መግባት፦* በደኅና መኪና ዘንጉ ከ"ኤን" ወደ "ዲ" ወይም ወደ "አር" ሲዛወር ማርሹ ከአንድ እስከ አንድ ሰከንድ ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ይይዛል። ከዚህ በላይ ከዘገየ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የዘይት መጉደል ወይም የፊልትሮ መደፈን ነው።

*ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አለመፍጠን፦* ይህ የመንሸራተት ምልክት ነው። ዘይቱ ጎድሎ ከኾነ ፍሳሹን ዘግቶ መሙላት ሊያድነው ይችላል። ዘይቱ ሞልቶ፣ ነገር ግን ተቃጥሎ ከኾነ ሸራዎቹ አልቀው ሊኾን ስለሚችል ካምቢዮው መፈታት ሊያስፈልገው ይችላል።

*ማርሽ ሲቀየር መንገጭገጭ፦* ያረጀ ዘይት፣ የተበላሸ ሶሌኖይድ ወይም የተቀደደ የሞተር መያዣ ጎማ ሊያመጣው ይችላል። የመያዣ ጎማው ጥገና ካምቢዮ ከመፍታት እጅግ ስለሚቀል አስቀድሞ መታየት ይኖርበታል።

*በአንድ ማርሽ ተይዞ መቅረት፦* ኮምፒውተሩ ብልሽት ሲያገኝ ካምቢዮውን ለመጠበቅ መኪናውን በአንድ ማርሽ ብቻ እንዲሄድ ያደርገዋል። በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት ይበራል፤ በአንዳንድ ቶዮታዎች ደግሞ "ኦ/ዲ ኦፍ" የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። መንስኤው የተቆረጠ ሽቦ ወይም የፍጥነት መለኪያ ሴንሰር ሊኾን ስለሚችል መኪናው በኮምፒውተር መመርመር አለበት። በ"ፒ07" የሚጀምሩ የብልሽት ቁጥሮች ካምቢዮን የሚመለከቱ ናቸው።

*ዘንጉ ከ"ፒ" አልወጣ ማለት፦* ፍሬን ሲረገጥ የኋላ የፍሬን መብራት ይበራ እንደኾነ ይታይ። ካልበራ ችግሩ ከፊውዝ ወይም ከፍሬን ፔዳሉ ማብሪያ ሊኾን ይችላል፤ ይህ በአነስተኛ ወጪ የሚስተካከል ነው።

ዘይት ሲቀየር

ሁሉም የካምቢዮ ዘይት አንድ አይደለም። ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ በደረጃ ማርሽ ፋንታ በብረት ቀበቶ የሚሠራ ሲኾን የራሱ ዘይት አለው። እንደ ቪትዝ ያሉ መኪኖች እንደ ሞዴላቸው በሁለቱም ዓይነት ካምቢዮ ስለሚገኙ የጎረቤት ቪትዝ የተሞላው ዘይት ለሌላው ይስማማል ማለት አይደለም። የተሳሳተ ዘይት ጤነኛውን ካምቢዮ ያበላሻል።

ዘይቱ ከሥር ሲፈስስ የሚወጣው ከፊሉ ብቻ ነው፤ ቀሪው በካምቢዮው ውስጥ ይቀራል። የፈሰሰውን ለክቶ ያንኑ ያህል መመለስ ይገባል። ከማጠራቀሚያው ማግኔት ላይ የሚገኝ ልም ግራጫ ብናኝ የተለመደ ነው፤ የብረት ስብርባሪ ከተገኘ ግን የውስጥ ጉዳት አለ። አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት፣ በአቧራ እና በጭነት ለሚሠራ መኪና በየ40 ሺህ እስከ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ዘይት መቀየር ተገቢ ነው፤ አምራቹ ከዚህ ያነሰ ካዘዘ የእርሱ ይከበራል።

በቆላው መንገድ ላይ ጥንቃቄ

ቤተሰብ አሳፍሮ በላዩ ሁለት ኩንታል ሰሊጥ የጫነ ትንሽ መኪና 200 ኪሎ ግራም ትርፍ ሸክም ይዟል። በረጅም ዳገት ዘንጉን ወደ "2" ወይም ወደ "ኤል" ማውረድ ማርሹ በየጊዜው ከመቀያየር ያድነዋል። በቁልቁለትም እንዲሁ ማድረግ ፍሬኑ እንዳይግል ይረዳል። ዳገት ላይ ሲቆሙ መኪናውን በነዳጅ መያዝ ካምቢዮውን ስለሚያግለው በፍሬን መያዝ ይገባል።

በክረምት በዋልካው ጭቃ የተያዘን መኪና "ዲ" እና "አር" እያፈራረቁ ጎማ ማሽከርከር ሸራዎቹን ይፈጃል። ጭቃውን ቆፍሮ ከጎማው ሥር ድንጋይ ወይም ቅርንጫፍ ማድረግ ይሻላል። የራዲያተሩን ፊት የሸፈነ ጭቃ እና ገለባም በየጊዜው በውኃ መታጠብ አለበት።

የካምቢዮው ፓምፕ የሚሠራው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ስለኾነ አውቶማቲክ መኪና ተገፍቶ አይነሣም፤ ባትሪ ከሞተ ከሌላ መኪና በሽቦ ማስነሣት ያስፈልጋል። በዚሁ ምክንያት ሞተሩ ጠፍቶ በገመድ ረጅም መንገድ ቢጎተት ካምቢዮው ዘይት ሳያገኝ ይፈጫል። የፊት ጎማው የሚነዳ መኪና የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው፣ ካልተቻለም በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ መወሰድ አለበት።

ከነጋዴ ባሕር ዳገት በፊት ገንዳ ውኃ ላይ ቆሞ ዘይት ማየት የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ዳገቱ መሐል የቆመ መኪና ግን በሌሊት የጫነውን ሰውም ይዞ ይቆማል።