ሰማያዊዋ ደብተር

ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን ከሠራቸው ሕንፃዎች በአንዱ ሥር፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር መጠገን የጀመርኩት በ1991 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከመፍቻዬ እኩል የማትለየኝ ሰማያዊ ደብተር ነበረችኝ፤ ዛሬም አለች። የመጀመሪያው ገጿ ላይ «989፣ 15፣ 56» ተጽፏል። የዌስተርን ዲጂታል ካቪያር ሃርድ ዲስክ ቁጥሮች ናቸው፦ 989 ሲሊንደር፣ 15 ማንበቢያ ራስ፣ በአንድ ዙር 56 ሴክተር። አንዱ ሴክተር 512 ባይት ይይዛልና ሁሉም ሲባዛ 425,349,120 ባይት ይመጣል።

ደብተሯ የግድ ነበረች። የማዘርቦርዱ ባትሪ ከሞተ ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ባዮሱ፣ ሁሉንም ይረሳል። ባለቤቱ ጠዋት ሲያበራው ማሽኑ ዲስክ የለኝም ይላል፤ ዲስኩ ግን ደህና ነው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በእጃችን እንሞላ ነበር። አንዱን ከሳትን ወይ አይነሣም፣ ወይ ደግሞ ይነሣና ያለቦታው እየጻፈ የሰውን ሥራ ያበላሻል። ይህን የሁለተኛውን ዓይነት ጥፋት አይቻለሁ፤ ከመጀመሪያው እጅግ ይከፋል።

ቁጥር በእጅ የመሙላቱ ልማድ የመጣው የቀደሙት ዲስኮች ስለራሳቸው የሚናገሩበት አፍ ስላልነበራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የአይቢኤም ራማክ 50 ሰፋፊ ዲስኮች ደርድሮ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ሲጌት ያወጣው ኤስቲ-506 ደግሞ 5 ሜጋባይት። ለብቻው የተሠራ መቆጣጠሪያ ካርድ ያዘዋል፤ እሱ ይታዘዛል። በኋላ መቆጣጠሪያው ከዲስኩ ጋር አንድ አካል ሆነ። እኛ አይዲኢ የምንላቸው ዲስኮች ማንነታቸውን ሲጠየቁ 512 ባይት የሞላ መታወቂያ ይሰጣሉ፦ ሞዴል፣ መለያ ቁጥር፣ መጠን፣ የሚችሉትና አሁን የበራላቸው ነገር። ካቪያሩ ውስጥ 15 ራስ አለመኖሩን የተረዳሁት ያኔ ነው፤ ለባዮሱ እንዲመች የተሰጠ ቁጥር ነበር። የሞዴሉ ስም በመታወቂያው ላይ የሚቀመጠው ፊደላቱ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ቦታ ተለዋውጠው ነው። «ጎንደር» ብለን ብናስበው «ንጎርደ» ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። መጀመሪያ ሳየው ዲስኩ የተበላሸ መስሎኝ ደንግጫለሁ።

ከሁሉ ጠልቆ የሚናገረው ግን ስካዚ የሚባለው ሌላው የዲስክ ማገናኛ ነው። መስፈርቱ እ.ኤ.አ. በ1986 ጸደቀ። የስካዚ ዲስክ አሠራሩን በገጽ በገጽ ከፍሎ ይይዛል። አንደኛው ገጽ ማንበብ ሲያቅተው ስንት ጊዜ ደግሞ እንደሚሞክር ይናገራል፤ ስምንተኛው ስለ ካሽ፣ ማለትም መረጃ ለጊዜው ስለሚቆይበት ትውስታ ነው። እያንዳንዱን ገጽ በአራት መንገድ መጠየቅ ይቻላል፦ አሁን የምትሠራበት ምንድን ነው? መለወጥ የሚፈቀደው የቱ ነው? ከፋብሪካ ስትወጣ ምን ነበርክ? መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የምትመለስበት የቱ ነው?

የአራቱን ልዩነት ያወቅሁት በኪሳራ ነው። በ1997 ዓ.ም. ደባርቅ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለተኛ እጅ ሰርቨር ነበረው። መብራት በሄደ ቁጥር የቀኑ መዝገብ መጨረሻው ይጎድላል። ዲስኩ መረጃውን ገና ካሽ ላይ ይዞት ሳለ «ጽፌዋለሁ» ብሎ ይመልስ ነበር። ሄጄ ስምንተኛው ገጽ ላይ ያንን አጠፋሁና ደስ ብሎኝ ወደ ጎንደር ተመለስኩ። በወሩ ያው መዝገብ ጎደለ። ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ነገሩን ሰምተው፣ «የአሁኑን ብቻ ነው የቀየርከው፤ አስቀምጥ አላልከውም። መብራቱ ሲመለስ እሱም ወደ ድሮው ተመለሰ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ከማለት ሌላ ምን እላለሁ? የመዝገብ ሹሟ የጎደሉትን ስሞች ከወረቀት እንደገና ስትለቅም ሁለት ቀን አጠገቧ ተቀምጬ አነበብኩላት።

«አስቀምጥ» የተባለው ነገር የሚኖረው ለተጠቃሚው በማይታይ፣ ዲስኩ ለራሱ በከለለው ቦታ ነው። ይህን ሳስብ የአያቴ ብራና ትዝ ይለኛል። አያቴ ጸሐፊ ነበሩ። ቀለም ከመንካታቸው በፊት ጠርዙን በወስፌ ይወጉና ከነጥብ እስከ ነጥብ ያለ ቀለም ያሰምሩ ነበር። ያ መስመር ከንባቡ አይቆጠርም፤ ጣቴን ሳሳልፍበት ግን አገኘዋለሁ። ጽሑፉ ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ዛሬ ማዘርቦርዱ ዲስኩን ራሱ ጠይቆ ይለየዋል፣ ወጣቶቹ ጠጋኞችም ቁጥር አይጽፉም። ደብተሬን ግን አልጣልኳትም። ዓምና ወደ ስሜን ተራሮች ለጥናት የሚወጣ ሰው የቆየ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይዞልኝ መጣ፤ ጨነቅ ላይ ሰንብቶ ሊቀዳበት ነው። ማንበቢያው ራስ ዲስኩን አይነካም፣ በስስ የአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል፤ ለዚህ ነው በብዙ ዲስኮች መመሪያ ላይ 3,048 ሜትር ተብሎ የሥራ ገደብ የተጻፈው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ደባርቅ 2,850 ገደማ፤ በሳንቃበር በኩል የሚደረስበት ጨነቅ ግን 3,620 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የወጡት ሂሊየም የታሸገባቸው ዲስኮች የውጭውን አየር አይጠብቁም፤ የሰውየው ከእነሱ አልነበረም። ዲስኩን ያሉትን ገጾች ሁሉ ብጠይቀው ስለ ከፍታ የሚለው አንድም ቃል የለም።

በፍላሽ እንዲይዝ መከርኩትና ደብተሬን ከፈትኩ። ከ«989፣ 15፣ 56» በታች ባዶ መስመር ነበር። «3,048፤ ከሳንቃበር በፊት» ብዬ ጻፍኩበት።