ባለቤት የሌለውን ቤት ማን ይጠግነዋል?

በመስቀል አደባባይ ዳርቻ የሚገኘውን የራስ ብሩን ቤት አብዛኞቻችን የምናውቀው በሌላ ስሙ ነው፤ የአዲስ አበባ ሙዚየም። በጦር ሚኒስትርነት ያገለገሉት ራስ ብሩ የኖሩበት ይህ ቤት፣ የከተማዋ መቶኛ ዓመት በተከበረበት በ1979 ዓ.ም. ሙዚየም ሆነ። መኳንንቱ ካሠሯቸው ቤቶች መካከል ይህኛው ለወግ የበቃው በውበት ስለ በለጠ አይመስለኝም። ኃላፊነቱን የሚወስድለት መሥሪያ ቤትና በበጀት መዝገብ ላይ የሰፈረ ስም ስለ ነበረው ነው እላለሁ።

ሌሎቹስ? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ተሰጡ። አዋጁ ለብዙ ድኻ መጠለያ እንደ ሰጠ መካድ ግፍ ነው። በትልልቆቹ ቤቶች ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነው። ሕንዳውያንና አርመናውያን ባለሙያዎች ከአገሬው አናጢ ጋር ያቆሟቸው ባለ በረንዳ ቤቶች በኮምፔንሳቶ ተከፋፍለው የብዙ አባወራ ማደሪያ ሆኑ። የሚሰበሰበው ኪራይ የጣሪያ ቆርቆሮ ለመለወጥ እንኳ አልበቃም። ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ፣ ቀበሌውም ገንዘብ ስላልነበረው፣ ቤቱ በየክረምቱ ጥቂት በጥቂት ወረደ።

ስለነዚህ ቤቶች በተወራ ቁጥር «ረጂ እንፈልግ» የሚል ሐሳብ ይነሣል። ረጂው ግን የሚረዳው በደንብ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካ አምባሳደሮች የባህል ቅርስ ጥበቃ ፈንድ ለግለሰብ ወይም ለንግድ ድርጅት ንብረት አይከፍልም፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከሙዚየም፣ ከትምህርት ተቋም ወይም ለትርፍ ካልቆመ ድርጅት የሚመጣ ማመልከቻ ይፈልጋል። የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ፈንድም ጥያቄ የሚቀበለው ከመንግሥታት ነው፤ ገንዘቡም በዋናነት የሚውለው እንደ ላሊበላና እንደ ጎንደር በዓለም ቅርስነት ለተመዘገቡ ስፍራዎች ነው። የአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች ከዚያ መዝገብ የሉበትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቂርቆስ የአንድ አሮጌ ቤት ነዋሪዎች የእርዳታ ማመልከቻ እንዳረቅላቸው ጠይቀውኝ ነበር። የቅጹ የመጀመሪያ ጥያቄ «የንብረቱ ባለቤት ማን ነው?» የሚል ነው። ነዋሪዎቹ ተከራዮች ናቸው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ቤቱን ያከራያል እንጂ የቅርስ ጥበቃ ሥራው አይደለም። ቅርስ የሚመዘግበው ክፍል ደግሞ ቤቱን መዝግቦታል እንጂ አይዝበትም። ሦስቱን በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈረም አልተቻለምና ማመልከቻው ሳይላክ ቀረ። በዕድሜ የገፉት ተከራይ «ልጄ፣ አርባ ዓመት የኖርኩበትን ቤት የማን እንደሆነ ዛሬ ጠየቅኸኝ» ብለው ሳቁብኝ።

የገዛ ሕጋችንም ከዚሁ ግምት ይነሣል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ ዐቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችል ይናገራል። መልካም ድንጋጌ ነው። ባለቤቱም ሆነ ከፊሉን ሸፋኙ ያው መንግሥት ሲሆን ግን ማን ማንን ይጠይቃል?

በነገራችን ላይ ገንዘብ ብቻውንም አያድንም። በጭቃና በእንጨት የተሠራን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ለእንዲህ ያለ ቤት ገንዘብ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ የኖራንና የጭቃን ሥራ የሚያውቅ እጅ መኖሩን ይጠይቅ።

ገንዘብ ባለቤት ያለበትን እንዴት እንደሚያገኝ ለማየት ከአደባባዩ ወደ ካዛንቺስ ጥቂት መውጣት ይበቃል። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስኮቶች ያሉበት የአፍሪካ አዳራሽ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እጅ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ በጀት አጸደቀለት፤ አዳራሹም ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። በዚያው ዓመት ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ይፈርስ ነበር። ሰፈሩ ስሙን እንኳ ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ድርጅት ቤቶች፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ» ነው።

እኔ የምለው የቀሩት የተመዘገቡ ቤቶች ከወረዳ እጅ ወጥተው፣ ማመልከት፣ ማከራየትና መከሰስም ለሚችል አንድ የከተማ ባለአደራ ተቋም በስሙ ይዛወሩለት ነው። ጥገናው ካለቀ በኋላ አንዱ ክፍል ለሥዕል ማሳያ፣ አንዱ ለቡና ቤት ተከራይቶ የጣሪያውን ወጪ ይቻል። ተከራዮቹ ግን ጥገናው ከመጀመሩ አስቀድሞ በዚያው ክፍለ ከተማ ምትክ ቤት ይሰጣቸው፤ ወጪውም ከጥገናው በጀት ጋር አብሮ ይሰላ። ይህን ያልጨመረ ማመልከቻ እኔ ዳግመኛ አላረቅም።