ሳጥን ውስጥ የተረሳው ሰንሰለት

ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በዚህ እንግባባና ወደ ታሪኩ እንለፍ።

በኦክቶበር 1770 ካፒቴን ጄምስ ኩክ «ኢንዴቨር» የተባለችውን መርከቡን ባታቪያ ወደብ ላይ አቁሟት ነበር። ባታቪያ ዛሬ ጃካርታ የምንላት ከተማ ናት። አንድ ምሽት ከባድ ነጎድጓድ መጣ። ብዙም ሳትርቅ መልሕቋን ጥላ የቆመች አንዲት የሆላንድ መርከብ በመብረቅ ተመታችና ዋናው የሸራ ምሰሶዋ ተሰነጣጠቀ። ኢንዴቨርም አልቀረላትም። እሷ ግን ከጥቂት ጊዜ በፊት ከምሰሶዋ ጫፍ እስከ ባሕሩ የሚወርድ የብረት ሰንሰለት ተሰቅሎላት ነበር። ሰንሰለቱ ለአንድ አፍታ የእሳት መስመር መስሎ በራ፣ መርከቢቱ የመሬት መንቀጥቀጥ እንደነካት ሁሉ ተናወጠች፣ ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ። የተጎዳ ነገር አልነበረም። ኩክ በማስታወሻው ላይ ይህ አንድ ገጠመኝ ብቻ ሰንሰለቱ ለማንኛውም መርከብ እንደሚያስፈልግ ለማሳመን ይበቃል የሚል ሐሳብ አሰፈረ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ የሆነው በ1770 ነው። ችግሩ ታውቋል፣ መድኃኒቱም ተገኝቷል፣ በዝናው አቻ ያልነበረው ካፒቴን ምስክርነቱን ሰጥቷል። ታዲያ የዚያው ካፒቴን አገር የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦች ለተጨማሪ 70 ዓመታት ምሰሷቸው እየተሰነጠቀ፣ ሸራቸው እየነደደ፣ መርከበኞቻቸው እየሞቱ የቀጠሉት ለምንድን ነው?

መድኃኒቱን ያመጣው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። በ1753 ባወጣው አልማናክ ላይ ቤትን ከመብረቅ ስለሚጠብቅ ዘንግ ሲጽፍ መርከቦችንም አልረሳም። ምሰሶው ጫፍ ላይ ሹል ብረት ትከሉ፣ ከብረቱ ሽቦ ወደ ውኃው አውርዱ፣ በቃ። መብረቅ ወደ ባሕሩ መውረዱ ላይቀር፣ እንጨቱን ሰንጥቆ ከሚወርድ ቀላል መንገድ ስጡት ነው ነገሩ። እርጥብ እንጨት ውስጥ መብረቅ ሲያልፍ ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጥና ምሰሶው ከውስጥ ይፈነዳል። መዳብ ውስጥ ሲያልፍ ግን፣ መዳቡ በቂ ውፍረት ካለው፣ ብዙም ጉዳት ሳያደርስ ይወርዳል።

ባሕር ኃይሉ ሐሳቡን ተቀበለ። የተቀበለው ግን እንዲህ አድርጎ ነው፤ ቀጭን ሰንሰለት አሠርቶ በሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። ደመናው ሲጠቁር አንድ መርከበኛ ሳጥኑን ይከፍታል፣ ሰንሰለቱን ይዞ ምሰሶው ላይ ይወጣል፣ ይሰቅለዋል፣ ጫፉንም ወደ ባሕሩ ይጥላል። ወረቀት ላይ ጥሩ ዕቅድ ነው። በማዕበል መሃል፣ በሌሊት፣ መርከቢቱ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደች ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ሸራ መሰብሰብ ያለበት ሰው ሰንሰለት የሚፈታበት ጊዜ የለውም። ነጎድጓድ እየጮኸ ምሰሶ ላይ ውጣ የሚባለውም ሰው ቢያመነታ አይፈረድበትም። ስለዚህ ሰንሰለቱ አብዛኛውን ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ቀረ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ «ኒው ዮርክ» የተባለችው የመንገደኞች መርከብ በ1827 አሳየች። ወደ ሊቨርፑል በመጓዝ ላይ ሳለች በኤፕሪል ወር ጠዋት ላይ በመብረቅ ተመታች። ሰንሰለቷ አልተሰቀለም ነበር። ከተመታች በኋላ ተሰቀለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉ ይሆናል፤ በዚያን ቀን ግን ጅቡ ተመልሶ መጣ። ያው ቀን ሳይመሽ መርከቢቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተመታች። ሰንሰለቱ ቀልጦ ተበጣጠሰ፣ መርከቢቱን ግን አዳነ።

ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የመርከቢቱ ኮምፓሶች ተዛቡ። የጉዞ ሰዓቷም፣ ማለትም ክሮኖሜትሯ፣ ሊቨርፑል ደርሶ ሲመረመር ከ30 ደቂቃ በላይ ተሳስቶ ተገኘ። በመብረቁ ኃይል የሰዓቱ የብረት ክፍሎች ማግኔት ሆነው ነበር። ሠላሳ ደቂቃ ትንሽ ስህተት ትመስላለች። በዚያ ዘመን ግን መርከብ በምሥራቅና በምዕራብ መካከል የት እንዳለች የምታውቀው በዚህ ሰዓት ነበር። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር የግማሽ ሰዓት ስህተት 7 ዲግሪ ተኩል ነው፤ በምድር ወገብ ላይ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። መብረቅ ምሰሶ ሲሰብር ይታያል፤ መሣሪያ ሲያበላሽ ግን አይታይም። ሰዓቱ መምታቱን፣ ኮምፓሱም ማመልከቱን ይቀጥላል፤ የሚያሳዩት ግን ሐሰት ነው።

ዊልያም ስኖው ሃሪስ ወደ መድረኩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1791 በፕሊመዝ ወደብ የተወለደ ሐኪም ነው፤ በኋላ ሕክምናውን ትቶ ለኤሌክትሪክ አደረ። ሕዝቡ «ነጎድጓድና መብረቅ ሃሪስ» የሚል ስም አወጣለት። ሐሳቡን ያቀረበው በ1820 ነው። ሰንሰለቱን ተውት፣ ሳጥኑንም ጣሉት አለ። በምትኩ የመዳብ ዝርጎችን ከምሰሶው ጫፍ እስከ ግርጌው በምሰሶው ላይ ቀብሮ መቸንከር፤ ከግርጌው በመርከቢቱ አካል ውስጥ አሳልፎ ከውኃ በታች ካለው የመዳብ ልባስ ጋር ማያያዝ። መርከቢቱ ራሷ መብረቅ ማስተላለፊያ ትሁን ነው ያለው። የሚሰቅል የለ፣ የሚረሳ የለ።

ተቃውሞው ከሁለት በኩል መጣ። አንዳንዱ ብረት መብረቅን ይጠራል ብሎ ፈራ። ሌላው ደግሞ፣ ለዚያውም የማይናቅ ሰው፣ መብረቁን ባሩድ በሞላው መርከብ ሆድ ውስጥ ማሳለፍ እብደት ነው አለ። ኤሌክትሮማግኔትን የሠራው ዊልያም ስተርጅን በ1839 መብረቁ ከመዳቡ ወደ ጎን ዘሎ ሌላ ብረት ሊመታ ይችላል ብሎ ተከራከረ። ይህ ከንቱ ስጋት አልነበረም፤ የጎንዮሽ ዝላይ እውነት ነው፣ ዛሬም ጀልባ የሚሠሩ መሐንዲሶች ይጠነቀቁለታል። የሃሪስ መልስ ግን መንገዱ ሰፊና ያልተቋረጠ ከሆነ፣ በዙሪያው ያሉት ትልልቅ ብረቶችም ከእሱ ጋር ከተያያዙ፣ የሚዘልበት ምክንያት አይኖረውም የሚል ነበር።

ሰውየው በክርክር ብቻ አልቆመም። ኢዮብን የሚያህል ትዕግሥት ነበረው። የባሕር ኃይሉን የመርከብ መዝገቦች እያገላበጠ በመብረቅ የተጎዱ ከ200 በላይ መርከቦችን ታሪክ ሰበሰበ። በ1831 መገባደጃ በፕሊመዝ ለሕዝብ ባሳየው ትርኢት የውኃ ገንዳውን ባሕር፣ የኤሌክትሪክ ማሽኑን ደመና፣ አንዲት የመጫወቻ መርከብን ደግሞ የጦር መርከብ አድርጎ መብረቅ አስመታት። ከተመልካቾቹ አንዱ ጉዞውን ይጠባበቅ የነበረ የ22 ዓመት ወጣት ነበር፤ ቻርልስ ዳርዊን ይባላል፤ በትርኢቱም እንዳመነበት በማስታወሻው ጻፈ። ዳርዊን የሚሳፈርባት «ቢግል» የሃሪስ መዳብ ለሙከራ ከተገጠመላቸው መርከቦች አንዷ ነበረች። ቢግል 22 ክሮኖሜትሮች ጭናለች፤ የዓለምን ካርታ የምታስተካክል መርከብ ናትና ሰዓቶቿ ነፍሷ ነበሩ። በአምስቱ ዓመት ጉዞ መብረቅ እንደመታት ካፒቴኗ ሮበርት ፊትዝሮይ መሰከረ። ጉዳት ግን አልደረሰባትም።

ይህ ሁሉ ማስረጃ ቀርቦም ውሳኔው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ተንከራተተ። የሩሲያ ባሕር ኃይል ሥልቱን ቀድሞ ተቀበለ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1845 ለሃሪስ ቀለበትና የክብር ማሰሮ ላከለት። በአገሩ መርከቦች ላይ በይፋ የተስፋፋው በ1840ዎቹ ነው፤ በ1847 የ«ሰር» ማዕረግ አገኘ። ከ1820 ብንቆጥር ከ20 ዓመት በላይ ነው። ጥቂት ዘግይቶ ደግሞ መርከቦች በብዛት ከብረት መሠራት ጀመሩ፤ የብረት መርከብ እንዳለ ማስተላለፊያ ስለሆነ ጉዳዩ የተዘጋ መሰለ።

አልተዘጋም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ፋይበርግላስ መጣና ትንንሽ ጀልባዎች እንደገና ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ አካል መሠራት ጀመሩ። በ1827 አንድ ሰዓትና ጥቂት ኮምፓሶች የነበሩበት ክፍል ዛሬ ጂፒኤስ፣ ራዳር፣ ሬዲዮ፣ የጥልቀት መለኪያና ራሱን የሚነዳ መሪ ሞልቶበታል። የመብረቅ ጅረት 30,000 አምፔር ገደማ ይደርሳል፤ እነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ያሉት ቺፖች ደግሞ የሚሠሩት በጥቂት ቮልት ነው። ይባስ ብሎ መብረቁ ጀልባዋን መምታት እንኳ አይጠበቅበትም። አጠገቧ ባሕሩን ቢመታ፣ በጀልባዋ ውስጥ የተዘረጉት ረጃጅም ሽቦዎች እንደ አንቴና ሆነው ኃይሉን ይቀበሉና ወደ መሣሪያዎቹ ያደርሱታል።

መፍትሔው የሃሪስ ትምህርት ቅጥያ ነው። ከምሰሶው ጫፍ እስከ ውኃ ውስጥ ባለ የብረት ሰሌዳ ድረስ ወፍራምና ቀጥ ያለ መንገድ። ትልልቅ ብረቶችን እርስ በርስ ማያያዝ። በአንቴናና በኃይል መስመሮች ላይ ድንገተኛውን ጅረት ወደ ጎን የሚያወርዱ መከላከያዎች መግጠም። ብዙ መርከበኞች ደግሞ ማዕበል ሲመጣ በእጅ የሚያዘውን ጂፒኤስና ሬዲዮ የጀልባዋ ምድጃ ውስጥ ይከቷቸዋል። ቀልድ አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣው ኃይል የተዘጋ የብረት ሳጥን ውስጥ እንደማይገባ ማይክል ፋራዴይ በ1836 አሳይቷል።

እኛስ ቤታችን ሰማዩ ሲያጉረመርም «ቴሌቪዥኑን ንቀሉት!» የሚል ድምፅ ከማድ ቤት ሲሰማ አላደግንም? ምክሩ ትክክል ነው፤ ከመብረቅ የተነቀለ ነገር ይድናል። ነገር ግን ይህ ያው የሳጥኑ ሰንሰለት ነው። የሚሠራው ሰው ቤት ካለ፣ ካልተኛ፣ ካስታወሰና ከቀደመ ብቻ ነው።

ከፍራንክሊን አልማናክ እስከ ሃሪስ ድል ድረስ ወደ 90 ዓመት ገደማ ይሆናል። በእነዚያ ዓመታት የሞቱት መርከበኞች የሞቱት እውቀት ጠፍቶ አልነበረም፤ እውቀቱ መርከባቸው ላይ፣ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሃሪስ አዲስ የተፈጥሮ ሕግ አላገኘም። ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ጥበቃውን ከሰው ትዝታ አውጥቶ በመርከቢቱ አጥንት ውስጥ መቸንከር ነበር። አንድን ነገር «ጥንቃቄ ይደረግበታል» ብለን ስናልፈው መጠየቅ ያለብን ይህንኑ ነው፤ ተቸንክሯል ወይስ ሳጥን ውስጥ ነው?