ሠልጣኙ ወንበሩን እስኪረከብ

ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲቋቋም ኢትዮጵያዊ የነበረው ስሙና ገንዘቡ ብቻ ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። 2.5 ሚሊዮን ብር ካፒታሉ በ25 ሺህ አክሲዮን ተከፍሎ ሙሉ በሙሉ በመንግሥት እጅ ነበር። አብራሪው፣ መካኒኩ፣ ሒሳብ ሠራተኛው፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ቲ ደብሊው ኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በውል የመጡ ናቸው። ከነፃነት ማግሥት እንግሊዞች በአገሪቱ ጉዳይ እጃቸው ረዝሞ ስለነበር ንጉሡ ፊታቸውን ወደ አሜሪካ ማዞራቸው አያስገርምም። አውሮፕላኖቹ ከጦርነት የተረፉ ሲ-47 ነበሩ። መጋቢት 30 የመጀመሪያው መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተነሣ።

ሥራን ለባዕድ አደራ መስጠት ቀላል ነው፤ መልሶ መቀበሉ ግን ጊዜ ወሰደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆነው የንግድ አውሮፕላን በአዛዥነት ያበረሩት በ1957 ነው፤ ድርጅቱ ከተመሠረተ 12 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የአብራሪዎች ማሠልጠኛ በ1964፣ የጥገና ማሠልጠኛ በ1967 ተከፈተ። ከሁለቱ ቀደም ብሎ የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት የማይበቃ በመሆኑ ቦሌ ተሠርቶ ቦይንግ 720 አዲስ አበባ ገባ። አዲስ አውሮፕላን በገባ ቁጥር የሚያበረው ብቻ ሳይሆን የሚፈታውና የሚገጥመውም ሰው መሠልጠን ነበረበት፤ ትምህርት ቤቱም ከሐንጋሩ አልራቀም። ዛሬ ብዙ የልማት ድርጅቶች «አቅም ግንባታ» የሚሉት ሆቴል ውስጥ የሚሰጥ የሦስት ቀን ሥልጠና፣ አበልና ሰርተፊኬት ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር እምብዛም ነው።

የመጨረሻው የተለቀቀው የሥራ አስኪያጁ ወንበር ነው። ኮሎኔል ስምረት መድኅኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት በ1971 ሲሆን፣ የቲ ደብሊው ኤ ግንኙነት ያበቃው በ1975 ነው። 30 ዓመት! ዘገየ የሚል ይኖራል፤ እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ትክክል ነበር እላለሁ። በርካታ ድርጅቶች ሹመቱን አስቀድመው ሙያውን ለነገ ያሳድራሉ።

ይሁንና ሥልጠና ብቻውን ድርጅት አያድንም። ከአብዮቱ በኋላ አብራሪውም መካኒኩም እዚያው ነበሩ፤ ሙያቸው አልጠፋም። አየር መንገዱ ግን በ1970ዎቹ መገባደጃ ለኪሳራ ተቃርቦ ነበር። ያጣው አዋቂ ሳይሆን በራሱ የመወሰን ነፃነት ነው። በ1980 ካፒቴን መሐመድ አሕመድ በዋና ሥራ አስኪያጅነት ሲሾሙ ድርጅቱ እንደ ንግድ ተቋም ይመራ ዘንድ ፋታ አገኘ። ሁሉን ወርሶ ሁሉን ከላይ ያዝዝ የነበረ መንግሥት ለዚህ አንድ ቤት እጁን መሰብሰቡ፣ ለእኔ፣ ከማንኛውም ሥልጠና የሚበልጥ ውሳኔ ነው።

ውጤቱ አልዘገየም። ሶሻሊስት ነኝ የሚል መንግሥት ባለቤት የሆነበት አየር መንገድ ከሶቭየት ሳይሆን ከሲያትሉ ቦይንግ 767 ገዛ። ሰኔ 1 ቀን 1984 አዲሱ አውሮፕላን ከዋሽንግተን ተነሥቶ 12,082 ኪሎ ሜትር ያለማረፍ በመብረር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ አዲስ አበባ ገባ፤ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በጊዜው ክብረ ወሰን ነበር። በዚያው ዓመት አንድ ወጣት መሐንዲስ በጥገና ክፍሉ ተቀጠረ። መስፍን ጣሰው ይባላል፤ በ2022 የአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኖ ተሾመ።