የሳንዲያጎ እድር

የባዮቴክኖሎጂ ታሪክ ሲወራ ሁሌ የሚነሳ አንድ ቢራ አለ። በ1976 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ሮበርት ስዋንሰን የሚባል ሥራ አጥ የ28 ዓመት ወጣት ሳንፍራንሲስኮ ለሚገኘው ሳይንቲስት ኸርበርት ቦየር ደውሎ ለ10 ደቂቃ እንዲያገኘው ለመነው። አሥሯ ደቂቃ መጠጥ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዓት ሆነች፤ ጄነንቴክም ተወለደ። ደስ ይላል። ሁለት ሰው ቢራ ጠጥቶ ግን ከተማ አይቀይርም። ከተማ እንዴት እንደሚቀየር ለማየት ወደ ደቡብ፣ ወደ ሳንዲያጎ መውረድ ያስፈልጋል።

ሳንዲያጎ ያኔ የባሕር ኃይልና የቱሪስት ከተማ ነበረች። ጎበዝ ዩኒቨርሲቲና የሶልክ ኢንስቲትዩት ቢኖሯትም የባዮቴክ ከተማ ብሎ የሚጠራት አልነበረም። በ1978 አይቨር ሮይስተን የተባለ የካንሰር ሐኪምና የላብራቶሪ ባልደረባው ሃዋርድ በርንዶርፍ በ300,000 ዶላር ሃይብሪቴክን ጀመሩ። ሥራቸው ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ነበር፤ አንድ ዒላማ ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ማለት ነው። በ1986 ኢላይ ሊሊ የተባለው ግዙፍ የመድኃኒት ኩባንያ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛቸው።

ታሪኩ የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው። የሃይብሪቴክ ልጆች ኮሪደር ላይ ተነጋግረው መወሰን የለመዱ ናቸው፤ የሊሊ የደረጃ ሰንሰለት አልሆነላቸውም። አንድ በአንድ ለቀቁ፤ ከተማዋን ግን አልለቀቁም። ጄን-ፕሮብ ቀድሞም በ1983 ተመሥርቶ ነበር፤ አይዴክ፣ አሚሊን፣ ሊጋንድ ተከተሉ። በኋላ ስቲቨን ካስፐር የተባለ ተመራማሪ የሥራ አስኪያጆቹን የሥራ ታሪክ ሲከታተል፣ የከተማዋ የባዮቴክ ትውውቅ የጀርባ አጥንት እነዚሁ የአንድ መሥሪያ ቤት ልጆች ሆነው አገኛቸው።

በዚያው ሰሞን፣ በ1985፣ ዩኒቨርሲቲው ኮኔክት የሚባል ፕሮግራም ከፈተ። ሥራው ምን ነበር? ቁርስ፣ የምሽት ግብዣ፣ ተመራማሪን ማስተዋወቅ። ሐሳብ ያለው ሰው ባለሀብት ፊት ከመቆሙ በፊት ጠበቆችና የሂሳብ ባለሙያዎች በነፃ ያስለማምዱት ነበር። ወጪው የሚሸፈነው በአባልነት ክፍያና በዝግጅቶቹ ገቢ እንጂ በመንግሥት በጀት አልነበረም። ጠበቆቹ የጽድቅ ሥራ እየሠሩ አይመስለኝም፤ የነገ ደንበኛቸውን እየጠበቁ ነበር። ይኼ ደግሞ ምንም ነውር የለውም።

እኔ ይህን ሁሉ ሳነብ የሚታየኝ እድር ነው። እድርተኛ በየወሩ የሚከፍለው ለቡናው ብሎ አይደለም፤ ሞት ሲመጣ ድንኳኑና ሰዉ እንዲመጣ ነው። በዚህ ሙያ ደግሞ ሞት ብዙ ነው፦ በሰው ላይ መሞከር ከጀመሩ 10 መድኃኒቶች ወደ 9 የሚጠጉት ፈቃድ ሳያገኙ ይቀራሉ። ድርጅቱ ሲሞት ሠራተኛው ሰኞ ጠዋት የሚደውልለት ሰው ካለው፣ ቤቱን ሳይሸጥ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ሳያስወጣ እዚያው ይቀጠራል።

እኔም ባዮቴክኖሎጂ ነው የተማርኩት። አብረውኝ ከተመረቁት ብዙዎቹ ዛሬ ባንክ ይሠራሉ። አዲስ አበባ ላይ በወር አንዴ ቡና እንገናኝ ስንል «ታዲያ ሥራውስ?» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ሳንዲያጎዎች ቁርስ ላይ ሲገናኙ ደመወዝ የከፈላቸው፣ ሥራም ያስተማራቸው አንድ ሃይብሪቴክ ነበራቸው። እኛ ያለን ለጊዜው ስኒው ነው። ሆኖም ሃይብሪቴክም ሲጀምር ሁለት ሰው ነበር እኮ!

አሚሊንን እዩት። የሃይብሪቴክ አለቃ የነበረው ቴድ ግሪን በ1987 ለስኳር ሕመም መድኃኒት ለመሥራት መሠረተው። በ1998 ትልቁ አጋሩ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ጥሎት ሲወጣ አብዛኛውን ሠራተኛ አሰናበተ። ሁሉም ያለቀለት መስሎት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መድኃኒቶች ያስፈቀደው በ2005፣ በተመሠረተ በ18 ዓመቱ ነው። የአንደኛው መነሻ ጊላ ሞንስተር የተባለ መርዛማ የበረሃ እንሽላሊት ምራቅ ነበር።